«ነጭ» ሌላ፣ «ነጣ ያለ» ሌላ፦ በእንግሊዝኛ ውል ላይ «ያው ነው» ብለን የምናልፋቸው ቃላት

ነቀምቴ ገበያ ሰሊጥ የሚገዛ ነጋዴ እጁን ከጆንያው አፍ አስገብቶ አንድ እፍኝ ያወጣል፤ በመዳፉ ላይ ይበትነዋል፤ ወደ ብርሃን ያዞረዋል። ከዚያም «ነጭ ነው ብለኸኝ አልነበረም? ይኼ እኮ ነጣ ያለ ነው» ይላል። ሻጩ ነገሩ ስለሚገባው ብዙ አይከራከርም፤ ወይ ዋጋውን ዝቅ ያደርጋል፣ ወይ ሌላ ጆንያ ይፈታል። «ነጭ» እና «ነጣ ያለ» በሚሉት ቃላት መካከል ያለውን ርቀት ሁለቱም በብር ያውቁታል።

ይኸው ነጋዴ ግን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ውል ሲመጣለት ዓይኑ የሚሄደው ወደ አኃዙ ብቻ ነው። ዋጋው ስንት? ቶኑ ስንት? ክፍያው መቼ? በአኃዞቹ መካከል የተደረደሩትን ቃላት «ያው ነው» ብሎ ያልፋቸዋል። «አባውት» ያው «ያህል» ነው፤ «ሺፕመንት» ያው «መላክ» ነው፤ «ኦፈር» ያው «ዋጋ» ነው። የዛሬው ትምህርታችን የሚያተኩረው በዚህ «ያው ነው» በሚለው አባባል ላይ ነው። በአማርኛ አንድ ስም የምንሰጣቸው ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት በውል ላይ ሁለት የተለያዩ ሂሳቦች ሊሆኑ ይችላሉና።

እንግሊዝኛ ለወለጋ ንግድ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1902 ዓፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተፈራረሙት ስምምነት መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ከተቋቋመ በኋላ፣ የወለጋ ቡና በሳዮ፣ ማለትም በዛሬዋ ደምቢ ዶሎ በኩል ወደ ጋምቤላ እየወረደ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይጓዝ ነበር። በዚያን ጊዜ ከእንግሊዝኛው ወረቀት ጋር የሚታገሉት በጋምቤላ የተቀመጡት የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች ነበሩ። ከዚያም ወዲህ ለብዙ ዓመታት ነገሩ የአዲስ አበባ ላኪዎች ጉዳይ ሆኖ ቆይቷል። ይሁን እንጂ በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051 ከምርት ገበያው መድረክ ሌላ በአቅራቢና በላኪ መካከል የሚደረግ ቀጥተኛ ትስስርን ስለፈቀደ፣ የእንግሊዝኛው ውል ወደ ጊምቢና ወደ ነቀምቴ መንገዱን ይዟል። እንግዲህ አስተርጓሚ እስኪመጣ የማይጠብቁትን ቃላት ለይቶ ማወቅ የግድ ነው።

ዋይት እና ዋይቲሽ

ከገበያችን በሚታወቀው ነገር እንጀምር። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ለሰሊጥ ካወጣቸው የውል ዓይነቶች መካከል «ዋይቲሽ ሁመራ ጎንደር»፣ «ዋይቲሽ ወለጋ» እና «ሬዲሽ ወለጋ» የሚሉ ይገኙባቸዋል። ልብ ይበሉ፤ «ዋይት» ወይም «ሬድ» አላለም። በእንግሊዝኛ ከቀለም ስም በስተኋላ «ኢሽ» የምትል ድምፅ ስትቀጠል የቀለሙን ኃይል ታላላዋለች። አማርኛችን ይህንኑ ሥራ በራሱ መንገድ ይሠራዋል፤ ነጭና ነጣ ያለ፣ ቀይና ቀላ ያለ፣ ጥቁርና ጠቆር ያለ እንላለን። ስለዚህ «ዋይቲሽ» ነጭ ሳይሆን ነጣ ያለ፣ «ሬዲሽ» ቀይ ሳይሆን ቀላ ያለ ነው።

ይህች ትንሽ ድምፅ ምን ትፈይዳለች ቢሉ፣ «ዋይት» ብሎ የፈረመ ሻጭ ቀላ ያለ ፍሬ የተቀላቀለበት ጭነት ሲያቀርብ ገዢው ውሉን አጠፈ ሊለው ይችላል። «ዋይቲሽ ወለጋ» ብሎ የፈረመ ግን ምድሪቱ ያበቀለችውን በትክክለኛ ስሙ ጠርቶታል። ደግሞም የወለጋ ሰሊጥ በዘይቱ ብዛት ይታወቃል፤ ለዘይት መጭመቂያ የሚፈልገው ገዢ ስለ ቀለሙ እምብዛም አይጨነቅም። ለዳቦ መነስነሻ የሚፈልገው ግን የሁመራውን ይመርጣል። ቃሉን በትክክል የጻፈ ሻጭ ትክክለኛውን ገዢ ያገኛል ማለት ነው።

ከዚህ የመጀመሪያውን ደንብ እንይዛለን። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሲያጠራጥርዎ «ይህን ልዩነት በእኛ ገበያ በምን ቃል እንለየው ነበር?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ መልሱ በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ በአፍዎ ላይ አለ።

ምስጋናን እንደ ወቀሳ መስማት

የነቀምቴ አካባቢ ቡና በዓለም ገበያ «ለቀምት» በሚል ስም ይሸጣል፤ ፍራፍሬ በሚሸት ጣዕሙም ስም አለው። የቡና ቀማሾች ደግሞ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ በዚህ ቋንቋ ሁለት የሚመሳሰሉ ቃላት አንዱ ምስጋና፣ ሌላው ወቀሳ ሆነው ይገኛሉ።

«አሲዲቲ» እና «ሳወር» የሚሉትን እንመልከት። ሁለቱንም በጥድፊያ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው «ኮምጣጣ» ይላቸዋል። ነገር ግን ቀማሽ «ጉድ አሲዲቲ» ብሎ ሲጽፍ ቡናው ሕይወት ያለው፣ ምላስ ላይ ብርት የሚል ነው ብሎ ማመስገኑ ነው። «ሳወር» ካለ ግን ፍሬው በአያያዝ ተበላሽቷል፣ ሆምጥጧል ማለቱ ነው። እንደዚሁም «ፍሩቲ» የፍራፍሬ ቃና አለው የሚል ምስጋና ሲሆን፣ «ኦቨር ፈርመንትድ» ከመጠን በላይ ፈልቷል የሚል ጉድለት ነው። በፀሐይ በሚደርቅ የወለጋ ቡና ላይ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር ጠባብ ነው፤ አልጋው ላይ በጊዜው ያልተገላበጠ ቡና ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ሊሻገር ይችላል። «ማይልድ» ለስላሳ ማለት ሲሆን «ፍላት» ደግሞ የሞተ፣ ቃና ያጣ ማለት ነው።

እንግዲህ አንድ ደላላ የገዢውን መልእክት በስልክ ሲያስተላልፍ «አሲዲቲ አለው ብሏል» የሚለውን «ኮምጣጣ ነው ብሏል» ብሎ ተረጎመው እንበል። አቅራቢው ጉድለት የተገኘበት መስሎት ዋጋውን ይቀንሳል። ገዢው ለምስጋናው ቅናሽ ተሰጠው ማለት ነው። የደላላ ሥራ ዋጋ ማድረስ ብቻ አይደለም፤ ቃሉን ከነክብደቱ ማድረስም ነው። ትርጉሙ ካጠራጠረ ደግሞ የቀማሹን ቃል እንዳለ፣ ሳይተረጉሙ ማስተላለፍ ይሻላል።

«ያህል» ስንት ነው?

አሁን ወደ ባንኩ ወረቀት እንሂድ። ወደ ውጭ የሚላክ ዕቃ በኤል ሲ ሲከፈል፣ ባንኮች ሰነዱን የሚመረምሩት የዓለም አቀፉ ንግድ ምክር ቤት ባወጣውና እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2007 ጀምሮ በሚሠራበት ዩሲፒ 600 በተሰኘው ደንብ መሠረት ነው። ይህ ደንብ አንዳንድ ተራ የሚመስሉ ቃላትን በአኃዝ ተርጉሟቸዋል።

«አባውት» እና «አፕሮክሲሜትሊ» የሚሉት ሁለቱ በደንቡ እኩል ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 10 ከመቶ ጭማሪ ወይም 10 ከመቶ ቅናሽ ይፈቅዳሉ። በመሆኑም «አባውት 100 ሜትሪክ ቶን» ማለት ከ90 እስከ 110 ሜትሪክ ቶን ድረስ ነው። «አራውንድ» የሚለው ቃል በተራ ንግግር ከእነዚህ አይለይም፤ ነገር ግን ደንቡ በስም ስላልጠራው ክርክር ይጋብዛል። ስለዚህ አይምረጡት።

«አባውት» ከሌለስ? መጠኑ በከረጢት ብዛት ሳይሆን በክብደት የተገለጸ ከሆነ ደንቡ 5 ከመቶ ልዩነትን ይታገሳል፤ ይህም የሚጠየቀው ገንዘብ ከኤል ሲው ጣሪያ እስካላለፈ ድረስ ነው። «100 ሜትሪክ ቶን» ከተባለ ከ95 እስከ 105 ቶን ያስኬዳል። «2,000 ከረጢት» ከተባለ ግን ይህ ትዕግሥት የለም፤ 1,999 ከረጢት ጉድለት ነው። «ማክሲመም» ወይም «አፕ ቱ» ተብሎም ከሆነ ከአኃዙ በላይ አንድ ኪሎ አይታለፍም።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ግን በሌላ ጉድጓድ ነው። «አባውት» የሚሠራው አጠገቡ ላለው አኃዝ ብቻ ነው። ለስሌት እንዲመች የአንድ ቶን ሰሊጥ ዋጋ 1,500 ዶላር ነው እንበል። ኤል ሲው «አባውት 100 ሜትሪክ ቶን» ብሎ ጠቅላላ ገንዘቡን ግን ያለ «አባውት» 150,000 ዶላር ብሎ ጽፏል። ነጋዴው «10 ከመቶ ተፈቅዶልኛል» ብሎ 110 ቶን ጫነ። የዕቃው ዋጋ 165,000 ዶላር ሆነ፤ ኤል ሲው የሚሸፍነው ግን 150,000 ብቻ ነው። 15,000 ዶላር በአንዲት ያልተደገመች ቃል ምክንያት ተንጠልጥሎ ይቀራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ቃሉ በመጠኑም ላይ፣ በገንዘቡም ላይ እንዲጻፍ ኤል ሲው ሳይከፈት በፊት ማሳሰብ ነው።

ቢፎር፣ አንቲል፣ ኦን ኦር አባውት

ቀንን በተመለከተ ከሁሉ በፊት የቀን መቁጠሪያውን ማስታወስ ያስፈልጋል። ጁን 30 ማለት ሰኔ 30 ሳይሆን ሰኔ 23 ነው። ይህን ካስተካከልን በኋላ ወደ ቃላቱ እንመለስ። የጭነት ቀን በሚወሰንበት ጊዜ በዚያው ደንብ፦

«አንቲል»፣ «ቲል» እና «ቱ» የተጠቀሰውን ቀን ይጨምራሉ። «አንቲል ጁን 30» ከተባለ ሰኔ 23 ቀን የተጫነ ዕቃ በጊዜው ደርሷል።

«ቢፎር» የተጠቀሰውን ቀን አይጨምርም። «ቢፎር ጁን 30» ከተባለ የመጨረሻው ቀን ጁን 29፣ ማለትም ሰኔ 22 ነው። በአማርኛ ሁለቱንም «እስከ ሰኔ 23» ብለን ብንተረጉም አንድ ቀን ጠፋብን፤ በዚያ አንድ ቀን ባንኩ ሰነዱን ሊመልሰው ይችላል።

«ኦን ኦር አባውት ጁን 15» ማለት ከአምስት ቀን በፊት ጀምሮ እስከ አምስት ቀን በኋላ፣ ማለትም ከጁን 10 እስከ ጁን 20 ሲሆን፣ ሁለቱ የዳር ቀናት ይቆጠራሉ።

«ቢጊኒንግ»፣ «ሚድል» እና «ኤንድ» የወሩን ከ1 እስከ 10፣ ከ11 እስከ 20፣ ከ21 እስከ መጨረሻው ያለውን ጊዜ ያመለክታሉ። «ፈርስት ሃፍ» ከ1 እስከ 15 ነው።

«ፍሮም» የሚለው ቃል ደግሞ ሁለት መልክ አለው። ለጭነት ጊዜ ሲውል ቀኑን ይጨምራል፤ የክፍያ ቀን ለመቁጠር ሲውል ግን ቀኑን አይጨምርም፤ ቆጠራው ከማግስቱ ይጀምራል።

«ፕሮምፕት»፣ «ኢሚዲየትሊ» እና «አዝ ሱን አዝ ፖሲብል» የሚሉት በተራ እንግሊዝኛ የፍጥነት ደረጃቸው ይለያያል። በኤል ሲ ላይ ግን ሦስቱም ክብደት የላቸውም፤ የሰነድ ቃል እንዲሆኑ ካልተፈለገ በቀር ባንኩ ይዘላቸዋል። ስለዚህ «በአስቸኳይ ይጫን» ብሎ የተደሰተ ገዢም ሆነ የደነገጠ ሻጭ ሁለቱም በከንቱ ነው። ቀን ይጻፍ።

ከነቀምቴ መነሣት «ሺፕመንት» አይደለም

«ዕቃውን ልኬዋለሁ» የሚለው አነጋገራችን ሦስት የእንግሊዝኛ ቃላትን ይሸፍናል። መኪናው ከነቀምቴ መጋዘን ሲወጣ «ዲስፓች» ነው። ዕቃው ጂቡቲ ላይ መርከብ ሲጫንና ቀኑ በመርከቡ የጭነት ሰነድ ላይ ሲሰፍር «ሺፕመንት» ነው። ገዢው ወደብ ሲደርስ «አራይቫል» ነው። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል እስከ አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከዚያም እስከ ጂቡቲ ከ800 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ፣ በተጨማሪም የማበጠሪያ፣ የምርመራና የመርከብ ወረፋ አለ። የሺፕመንት ቀንን መኪና የሚያስነሱበት ቀን አድርጎ የፈረመ ሰው ገና ከጅምሩ ዘግይቷል።

«ዴሊቨሪ» የሚለው ቃል ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ያሳስታል። በተለምዶ ገዢው እጅ መድረስ ይመስለናል። በኤፍ ኦ ቢ ጂቡቲ ውል ግን ዕቃው መርከቡ ላይ ሲጫን ዴሊቨሪ ተፈጸመ ይባላል፤ ከዚያ በኋላ የሚደርስበት አደጋ የገዢው ነው። በሲ አይ ኤፍ ሃምቡርግም ቢሆን ሻጩ የመርከቡን ኪራይና ኢንሹራንሱን እስከ ሃምቡርግ ይክፈል እንጂ፣ ኃላፊነቱ የሚሻገረው እዚያው ጂቡቲ ላይ ዕቃው ሲጫን ነው። የከፈልኩበት ሁሉ በእኔ ኃላፊነት ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው።

«ዋጋ ሰጠኝ» ማለት ምን ማለት ነው?

«ገዢው ዋጋ ሰጠኝ» የሚል ወሬ በገበያ በፍጥነት ይዛመታል፤ አቅራቢውም በዚያ ተማምኖ ከገበሬው ይሰበስባል። ታዲያ የተሰጠው ምን ነበር? «ኢንዲኬሽን» ከሆነ ገበያው በዚህ አካባቢ ነው የሚል ፍንጭ እንጂ ማንንም አያስርም። «ኮቴሽን» የተዘረዘረ ዋጋ ነው፤ ብዙውን ጊዜ «በዚህ ዋጋ ልንነጋገር እንችላለን» ከማለት አያልፍም። «ቢድ» ገዢው ለመግዛት፣ «ኦፈር» ሻጩ ለመሸጥ ያቀረበው ነው። «ፈርም ኦፈር» ከተባለና «እስከዚህ ሰዓት ድረስ» የሚል ገደብ ካለው፣ ያቀረበው ሰው እስከዚያ ሰዓት ድረስ ቃሉን አያጥፍም። በኢንዲኬሽን ዕቃ የሰበሰበ ነጋዴ መጋዘኑን የሞላው በወሬ ነው።

ናሙናም ላይ ይኸው ነው። «ኢኩዋል ቱ ሳምፕል» ጭነቱ ከናሙናው ጋር እኩል ይሁን የሚል ጥብቅ ቃል ነው። «አባውት ኢኩዋል» ጥቂት መፈናፈኛ ይሰጣል። «ሲሚላር» ደግሞ ልክ የለውም፤ ለሻጩ ሰፊ ቢመስልም በክርክር ጊዜ ገዢውም በፈለገው መንገድ ይጎትተዋል። «ሳብጀክት ቱ አፕሩቫል ኦፍ ሳምፕል» የሚል ከተጨመረ ሽያጩ ናሙናው እስኪጸድቅ ይጠብቃል። ከዚያ በስተኋላ «ኖ አፕሩቫል ኖ ሴል» ካለ፣ ናሙናው ካልተወደደ ውል የለም። «ሪፒት» የሚል ካለ ግን ሻጩ ሌላ ናሙና የመላክ ዕድል አለው። በዋጋ መውረጃ ጊዜ እነዚህ ሁለቱ ምን ያህል እንደሚራራቁ ለነጋዴ መንገር አያሻም።

ቀብድ፣ ዴፖዚት፣ አድቫንስ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ቀብድ ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ድረስ በግልጽ ደንግጓል። ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢያፈርስ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል።

ይህን የሚያህል ጉልበት ያለውን ቃል ወደ እንግሊዝኛ ስንመልስ «አድቫንስ» ብለን እንጽፈዋለን። «አድቫንስ» ግን የዋጋው ክፍል አስቀድሞ መከፈሉን ብቻ ይናገራል፤ ያፈረሰ ምን ይሁን አይልም። «ዴፖዚት» መያዣነትን ያመለክታል፤ የሚመለስ ይሁን የማይመለስ ግን ውሉ ካልተናገረ ያጨቃጭቃል። ለቀብድ የሚቀርበው የእንግሊዝኛ ቃል «ኧርነስት» ሲሆን፣ በሕጋችን የእንግሊዝኛ ቅጂ የተጻፈውም ይኸው ነው። ቀብድ ተቀብለው «አድቫንስ» ብለው የፈረሙ ከሆነ ሕጉ የሰጠዎትን ጋሻ በገዛ እጅዎ ጥለዋል።

ለደላሎችም አንድ ቃል አለን። «ብሮከር» ሁለት ወገኖችን ያገናኛል እንጂ በውሉ አይታሰርም። «ኤጀንት» በወካዩ ስም ይፈርማል፤ ፊርማው ወካዩን ያስራል። «ኮሚሽን ኤጀንት» ለሌላ ሰው ጥቅም ይሥራ እንጂ የሚፈርመው በገዛ ስሙ ስለሆነ በሦስተኛው ወገን ፊት ተጠያቂው እሱ ነው። «ዲለር» በራሱ ስም፣ ለራሱ ትርፍና ኪሳራ ይነግዳል። በፊርማው ሥር ለክብር ሲል «ኤጀንት» ብሎ የጻፈ ደላላ ያልተሰጠውን ውክልና ለራሱ መስጠቱን ይወቅ።

«ይገባል» እና «ተቸግረናል»

የቃል ምርጫ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስቸግርም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የኢጣልያንኛው ቅጂ ግን ወደ ግዴታ ተተርጉሞ ጠቡ ከዚያ ተነሣ፤ ፍጻሜውም ዓድዋ ሆነ።

ይህ ልዩነት በእንግሊዝኛ ውል «ሜይ» እና «ሻል» በሚሉት ቃላት መካከል ይገኛል። «ሜይ ፔይ» ሊከፍል ይችላል፤ ባይከፍልም አይጠየቅም። «ሻል ፔይ» የግድ ይከፍላል። እኛን በተለይ የሚጎዳን ግን ሦስተኛው፣ «ሹድ» የሚለው ነው። በአማርኛ «ገዢው በ10 ቀን ውስጥ መክፈል ይገባዋል» ስንል ግዴታን ማለታችን ነው። መዝገበ ቃላት ገልጦ «ይገባል»ን «ሹድ» ብሎ የጻፈ ሰው ግን ምክር ጻፈ። «ቢከፍል መልካም ነው» እንደ ማለት ነው። በውል ላይ «ይገባል» ምንጊዜም «ሻል» ነው።

ሁለተኛው የጨዋነታችን ጉዳት «ተቸግረናል» የሚለው ነው። መንገድ ተዘግቶ ጭነት የቆመበት ነጋዴ ለገዢው ደብዳቤ ሲጽፍ በአገራችን ይሉኝታ «ትንሽ ተቸግረናል» ይላል፤ ወደ እንግሊዝኛውም «ዲፊከልቲ» ብሎ ይመልሰዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1792 ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚለው ግን አስቀድሞ ሊታሰብ ያልቻለና ግዴታን ፈጽሞ እንዳይፈጸም የከለከለ ነገርን ነው፤ ቁጥር 1794 ደግሞ የጥሬ ዕቃ ዋጋ መናር ብቻውን ከዚህ እንደማይቆጠር ይናገራል። «ዲፊከልት» ከባድ ነው፤ «ኢምፖሲብል» የማይቻል ነው። መንገዱ በእርግጥ ተዘግቶ ከሆነ «ፕሪቨንትድ»፣ ማለትም «ተከልክለናል» ብለው ይጻፉ፤ የተዘጋበትን ቀንና ቦታም ይጥቀሱ። አስቸግሮዎት ብቻ ከሆነ ግን «ኢምፖሲብል» አይበሉ፤ ነገ ያው መንገድ ሲያልፉ ይታያሉና።

ሦስት ጥያቄዎችና ጥቂት መለማመጃ

እንግዲህ ውል ከመፈረምዎ በፊት በእያንዳንዱ አጠራጣሪ ቃል ላይ ሦስት ጥያቄዎችን ይጠይቁ። አንደኛ፣ ይህን ልዩነት በገበያችን በምን ቃል እንለየዋለን? ሁለተኛ፣ ይህ ውል በሚገዛበት ደንብ ወይም ሕግ ቃሉ አኃዝ ወይም ፍቺ ተሰጥቶታል? ሦስተኛ፣ ቃሉን አውጥቼ በቦታው ቁጥር ወይም ቀን ባስገባ ሌላው ወገን ይስማማል? በሦስተኛው ላይ ካንገራገረ ቃሉ ለማን እንደሚጠቅም ያኔ ይታወቃል።

የሚከተሉትን በራስዎ ይሞክሩ፤ መልሱ ከሥር ይገኛል።

1. ኤል ሲው «ቢፎር ጁን 15» ይላል። የመጨረሻው የጭነት ቀን በእኛ አቆጣጠር መቼ ነው?

2. «አፕሮክሲሜትሊ 40 ሜትሪክ ቶን» ከስንት እስከ ስንት ነው?

3. ገዢው ስለ ለቀምት ቡናዎ «ፍሩቲ፣ ጉድ አሲዲቲ» ብሎ ጽፏል። ዋጋ ይቀንሳሉ?

4. «ዘ ባየር ሹድ ፔይ» የሚል አንቀጽ ለሻጭ ምን ጎደለው?

መልስ፦ 1) ሰኔ 7፤ ጁን 15 ራሱ ሰኔ 8 ስለሆነና «ቢፎር» ቀኑን ስለማይጨምር። 2) ከ36 እስከ 44። 3) አይቀንሱም፤ ተመስግነዋል። 4) ግዴታ ጎደለው፤ «ሻል» ይባል።

ከአራቱ አንዱን እንኳ የሳተ ሰው ማፈር የለበትም፤ በመለማመጃ ላይ መሳት ገንዘብ አያስከፍልም። የእንግሊዝኛ ውል ሲቀርብልዎ ግን በገበያ ቀን እጅዎን ከጆንያው እንደሚያስገቡት ሁሉ፣ ከቃላቱም አንድ እፍኝ አውጥተው ወደ ብርሃን አዙረው ይዩ።